ከሦስት ለጋሾች አንዱን ለመምረጥ በምን ልለይ?

ጠያቂ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 38 ነው፤ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ትዳር የለኝም። ሐኪሜ የእንቁላል ክምችቴ ለዕድሜዬ ከሚጠበቀው ያነሰ መሆኑን ነግራኝ፣ ልጅ የምፈልግ ከሆነ ገና ያልመጣ ባል እየጠበቅሁ ተጨማሪ ዓመታት መግፋት እንደማያዋጣኝ ካስረዳችኝ በኋላ፣ ከእኅቴ ጋር ብዙ መክሬ ከዘር ባንክ በሚገኝ የወንድ ዘር ለማርገዝ ወስኛለሁ። ስለ ውሳኔው ለመከራከር አልጻፍኩም፤ እሱ ያለቀ ጉዳይ ነው። የቸገረኝ ምርጫው ነው።

የባንኩን ዝርዝር ማየት ከጀመርኩ አምስት ሳምንት አለፈኝ። መጀመሪያ ስከፍተው በመቶዎች የሚቆጠሩ ለጋሾች ነበሩ። ጥቁር የሆኑትን ብቻ ስፈልግ ቁጥሩ በአንድ ጊዜ አሽቆለቆለ፤ የኢትዮጵያ ወይም የኤርትራ ዝርያ ያላቸውን ስፈልግ በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠሩ ቀሩ፤ ከእነሱም የአብዛኞቹ ዘር ተሽጦ አልቋል። ከሥራ ገብቼ እራቴን እየበላሁ የሰው ቁመት፣ የሰው ቅንድብ፣ የሰው የትምህርት ማስረጃ ስመርጥ ጫማ የምገዛ እየመሰለኝ በራሴ ያፈርኩባቸው ምሽቶች አሉ። ይሁንና አሁን ሦስት ሰዎች ቀርተዋል።

የመጀመሪያው ሁለቱም ወላጆቹ ከኢትዮጵያ የመጡ፣ ዘሩን በሰጠበት ጊዜ የፋርማሲ ተማሪ የነበረ ነው። የሚወደውን ምግብ ለሚጠይቀው ጥያቄ «እናቴ የምትሠራው ሽሮ» ብሎ መልሷል። በልጅነት ፎቶግራፉ ላይ ሦስት ዓመት ገደማ ሆኖት፣ ነጭ የሐበሻ ልብስ ለብሶ፣ አንድ እጁን በመሶብ ክዳን ላይ አሳርፎ ቆሟል፤ ግንባሩ ቁርጥ የወንድሜን ልጅ ግንባር ነው። ይህን ፎቶ ስንት ጊዜ እንደከፈትኩት ብናገር አፍራለሁ። ነገር ግን ማንነቱ እንዳይገለጥ ተስማምቶ የሰጠ ስለሆነ፣ ልጁ 18 ዓመት ቢሞላውም ባንኩ ስሙን አይነግረውም። በዘረመል ምርመራው አምድ ላይ «ምንም አልተገኘም» ይላል። ዘሩ ከተሞላባቸው ብልቃጦች የቀሩት ሦስት ብቻ ናቸው።

ሁለተኛው ጥቁር አሜሪካዊ የሙዚቃ መምህር ሲሆን፣ ልጁ 18 ሲሞላው ማንነቱ እንዲገለጥ ፈቅዷል። 14 ደቂቃ የሚሆን የድምፅ ቃለ መጠይቅ አለው፤ ስለ አያቱ ሲጠየቅ መልስ ከመስጠቱ በፊት ይስቃል። ሲክል ሴል የተባለው በዘር የሚወረስ የደም በሽታ ተሸካሚ ነው፣ ማለትም ራሱ ባይታመምም ለልጁ ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ሲ.ኤም.ቪ. ለሚባለው ቫይረስም ፖዘቲቭ ነው፤ የደም ዓይነቱ ኦ ፖዘቲቭ ነው። ብልቃጥ በብዛት አለው።

ሦስተኛው አባቱ ኬንያዊ፣ እናቱ ነጭ አሜሪካዊት፣ ሙያው ምሕንድስና፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ91 ነው። እሱም ማንነቱን ለመግለጥ ፈቅዷል። በቤተሰቡ የጤና ታሪክ ላይ ግን የአባቱ አባት በ52 ዓመቱ በልብ ሕመም እንደሞተ፣ የአባቱ ወንድምም በ49 ዓመቱ የልብ ቀዶ ሕክምና እንደተደረገለት ተጽፏል።

የእኔ ደም ኦ ኔጌቲቭ ነው፤ ለሲ.ኤም.ቪ. ኔጌቲቭ ነኝ። በዘር የሚተላለፉ በሽታዎችን ምርመራ አድርጌ ነርሷ በስልክ «ምንም የለብሽም» ብላኛለች፤ ወረቀቱን ግን አላየሁትም።

አዲስ አበባ ለምትኖረው እናቴ ነገሩን ስነግራት ለረጅም ጊዜ ዝም አለችና የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ታዲያ ሰባት ቤት በማን በኩል ሊቆጠር ነው?» መልስ አልነበረኝም። በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ወይም በሙያው ያላችሁ፣ በቅድሚያ ምን አይታችሁ ምን ጣላችሁ? ሐበሻ መሆኑስ ይህን ያህል ዋጋ ሊሰጠው ይገባል?

መልስ፦ የአንዲት ልጅ እናት፣ ቨርጂኒያ

እኅቴ፣ እንኳን ለውሳኔሽ አበቃሽ። እኔም በዚያው መንገድ አልፌ ልጄ አሁን ሰባት ዓመቷ ነው። ከሁሉ አስቀድሜ ስሕተቴን ልንገርሽ።

የመጀመሪያ ለጋሼን የመረጥኩት በቁመቱና በዲግሪው ነበር፤ ለገንዘቤ ሳስቼም ሁለት ብልቃጥ ብቻ ገዛሁ። ዘሩን በቀጭን ቱቦ ወደ ማኅፀን በማስገባት፣ ማለትም አይ.ዩ.አይ. በሚባለው መንገድ ሁለት ጊዜ ሞክረን ሁለቱም ሳይይዝ ቀረ። ለሦስተኛው ስመለስ የሰውየው ዘር ተሽጦ አልቋል ተባልኩ። ያን ሁሉ ወራት ያሰብኩበትን ሰው ትቼ እንደገና ከሀ ጀመርኩ፤ እመኚኝ፣ ያላገባሽውን ሰው እንደመቅበር ነው። አንድ ሙከራ በእኔና በአንቺ ዕድሜ የሚሳካበት ዕድል ከመቶ አሥር ገደማ ነው ብለው ሐኪሞቼ ነግረውኝ ነበር፤ እኔ ግን ሁለት ሙከራ እንደሚበቃ አድርጌ አሰላሁ። ስለዚህ የሽሮው ልጅ ሦስት ብልቃጥ ብቻ የቀረው መሆኑን እንደ ትንሽ ነገር አትቁጠሪው። ከጊዜ በኋላ ለልጅሽ የአንድ አባት ወንድም ወይም እኅት ብትመኚለት ደግሞ ያ በር ገና ሳይከፈት ተዘግቷል።

ሁለተኛው ለጋሼ ሐበሻ ነበር፤ ልጄም የእሱ ናት። ማንነቱ እንዲገለጥ የፈቀደ ነው። ልጄ ሁለት ዓመት ሲሞላት፣ ከአንድ ለጋሽ የተወለዱ ልጆች በለጋሹ ቁጥር አማካይነት የሚገናኙበት ዶነር ሲብሊንግ ሬጂስትሪ የተባለ መዝገብ ላይ ተመዘገብኩ፤ በእ.ኤ.አ. 2000 አንዲት እናት ከልጇ ጋር የጀመሩት መዝገብ ነው። አራት ቤተሰቦች አገኘሁ። ሁለቱ የሚኖሩት በመኪና ከእኔ ሃያ ደቂቃ ርቀት ላይ ነው፤ የአንደኛዋ ልጅ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ የእኔ ልጅ ከምትማርበት የአማርኛ ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ዝቅ ብላ ትማራለች።

በጣም ደነገጥኩ። ከዚያ ቁጭ ብዬ ሳስበው የሚገርም ነገር እንደሌለበት ገባኝ። ሐበሻ ለጋሽ የሚመርጠው ማነው? ሐበሻ ነው። በአሜሪካ ሐበሻ በብዛት ያለውስ የት ነው? እዚሁ፣ ዲሲ ዙሪያ ነው። ባንኩ ዘሩን በመላ አገሪቱ ቢበትነው እንኳ እኛው መልሰን አንድ ሰፈር እንሰበስበዋለን። ልጆቻችን በአንድ ቤተ ክርስቲያን ያስቀድሳሉ፣ በአንድ ሠርግ ይጨፍራሉ፣ ነገ ደግሞ አንድ ዩኒቨርሲቲ ይገባሉ። እናትሽ ስለ ሰባት ቤት የጠየቁት ጥያቄ የዋህ አይደለም፤ በእኔ ልጅ ጉዳይ ሰባተኛው ቤት ሳይሆን የመጀመሪያው ነው የመጣው።

ይህን ያልኩሽ ሐበሻ አትምረጪ ለማለት አይደለም፤ እኔ ዛሬም ብመርጥ ያንኑ ሰው እመርጣለሁ። ከሁለቱ እናቶች ጋር ተዋውቀን ልጆቹ በወር አንድ ጊዜ መናፈሻ ውስጥ ይገናኛሉ፤ የእኔዋና ያቺኛዋ ሲጽፉ ሁለቱም የምላሳቸውን ጫፍ በግራ በኩል ያወጣሉ፣ ማንም አላስተማራቸውም። ይህ ሁሉ የሆነው ግን ለጋሹ ከነቁጥሩ ስለሚታወቅና እናቶቹ ለመመዝገብ ስላላፈርን ነው። የአንቺ የመጀመሪያ ለጋሽ ማንነቱ የተዘጋ ነው፤ ብዙዎቹ የሐበሻ እናቶች ደግሞ ጉዳዩን ከቤተሰብ እንኳ ስለሚደብቁ መዝገብ ላይ አይወጡም። የተዘጋ ለጋሽ፣ የሚደብቅ ማኅበረሰብና ጠባብ ሰፈር አንድ ላይ ሲገናኙ ያስፈራኛል።

ስለ ስም ያልጠየቅሽኝን ልጨምር፣ መምጣቱ ስለማይቀር። በልደት ወረቀቱ ላይ የአባት ቦታ ባዶ ሆነ፤ እኔ ደግሞ ከስሟ ቀጥሎ የአባቴን ስም ሰጠኋት። አባቴ ሲሰማ ምንም አላለም፤ በማግስቱ ግን ደውሎ ስሙ በእንግሊዝኛ እንዴት እንደተጻፈ ፊደል በፊደል አስነበበኝ።

መልስ፦ በላቦራቶሪ ሙያ የምሠራ፣ ሚኔሶታ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ከላይ የጻፉት እኅት የኑሮውን በኩል ስላነሡት እኔ በወረቀቱ ላይ ያለውን ብቻ ልናገር። ሐኪምዎን ወይም የዘረመል አማካሪን የሚተካ ምክር እንዳልሆነ ግን ይያዝልኝ።

ከጻፉት ሁሉ ያሳሰበኝ «ምንም አልተገኘም» የሚለው ነው። የሚጠየቀው ጥያቄ ስንት በሽታ ተመርምሮ ነው ያልተገኘው የሚል መሆን አለበት። ከዓመታት በፊት ዘር የሰጡ ሰዎች በአብዛኛው የሚመረመሩት ለጥቂት በሽታዎች ብቻ ነበር፤ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ፣ ሲክል ሴል፣ ታላሴሚያና እነዚህን የመሳሰሉት ናቸው። ዛሬ የሚደረገው ምርመራ በመቶዎች የሚቆጠሩ በሽታዎችን ያያል። በሰፊው የተመረመረ ሰው የአንድ ወይም የሁለት በሽታ ተሸካሚ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነገር ነው፤ እኔም እርስዎም በሰፊው ብንመረመር ሳይገኝብን አይቀርም። ስለዚህ በአራት በሽታ ተመርምሮ ንጹሕ የተባለ ሰው፣ በአራት መቶ ተመርምሮ አንድ ከተገኘበት ሰው ይልቅ አስተማማኝ ነው ማለት አይቻልም። የመጀመሪያው ለጋሽ ዘር የሰጠው በተማሪነት ዘመኑ ነው፤ የምርመራውን ቀንና የተመረመሩትን በሽታዎች ዝርዝር ባንኩን ይጠይቁ። የቤተሰብ የጤና ታሪኩም የተሞላው ያኔ ከሆነ ወላጆቹ ገና ጎልማሶች ነበሩ፤ የስኳር፣ የልብና የካንሰር ወሬ ወደ ቤተሰብ የሚገባው ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላ ነው።

ሁለተኛውን ለጋሽ ሲክል ሴል በሚለው ቃል ብቻ አይጣሉት። በሽታው የሚመጣው ልጁ ከእናትም ከአባትም የተበላሸውን ዘረመል ሲወርስ ነው፤ ሁለቱም ተሸካሚ ሲሆኑ በእያንዳንዱ እርግዝና ከአራት አንድ ዕድል አለው። አንደኛው ወገን ብቻ ተሸካሚ ከሆነ ልጁ ከሁለት አንድ ዕድል ተሸካሚ ይሆናል እንጂ በሽተኛ አይሆንም። በደጋው ኢትዮጵያ የሲክል ሴል ዘረመል እምብዛም አይታይም፤ ሆኖም በግምት መሄድ ነውር ነው። «ምንም የለብሽም» የሚለውን የስልክ ቃል ትተው ወረቀቱን ያስመጡ፤ ሂሞግሎቢን ኤሌክትሮፎረሲስ የሚባለው የደም ምርመራ መደረጉን፣ የሲክል ሴል ብቻ ሳይሆን የሂሞግሎቢን ሲ እና የቤታ ታላሴሚያ (ሁለቱም በዘር የሚወረሱ የደም ችግሮች ናቸው) ተሸካሚነትም መታየቱን ያረጋግጡ። ከእነዚህ አንዱ ከእርስዎ፣ የሲክሉ ዘረመል ከእሱ ቢመጣ ልጁ ሊታመም ይችላል።

የደም ዓይነቱ ለጋሽ የሚያስጥል አይደለም። እርስዎ ኔጌቲቭ፣ ለጋሹ ፖዘቲቭ ከሆነ ፅንሱ ፖዘቲቭ ሊሆን ስለሚችል፣ ሰውነትዎ በፅንሱ ደም ላይ መከላከያ እንዳያመርት በ28ኛው ሳምንት አካባቢ የአንቲ-ዲ መርፌ ይሰጣል፤ ሕፃኑ ፖዘቲቭ ሆኖ ከተወለደም በ72 ሰዓት ውስጥ ይደገማል። ኔጌቲቭ የሆኑ እናቶች ሁሉ የሚያልፉበት ነው።

ሲ.ኤም.ቪ. ትንሽ ማሰብ ይጠይቃል። በዓለም ላይ ከአዋቂዎች አብዛኛው ሰው በአንድ ወቅት የያዘው፣ ብዙ ጊዜ እንደ ጉንፋን ሆኖ የሚያልፍ ቫይረስ ነው፤ ነገር ግን እናት ለመጀመሪያ ጊዜ በእርግዝና ወቅት ከያዛት ፅንሱን መስማትን ጨምሮ ሊጎዳው ይችላል። በለጋሹ ወረቀት ላይ «ፖዘቲቭ» ሲል የትኛው እንደሆነ ይመልከቱ፤ አይ.ጂ.ጂ. የሚባለው ድሮ እንደያዘው፣ አይ.ጂ.ኤም. የሚባለው በቅርቡ እንደያዘው ያመለክታል። ድሮ የያዘው ሰው ዘር፣ በተለይም ታጥቦ፣ ማለትም ከፈሳሹ ተለይቶ ሲመጣ፣ የማስተላለፍ ዕድሉ እጅግ ዝቅተኛ ነው፤ አንዳንድ ክሊኒኮች ግን ኔጌቲቭ ለሆነች እናት ፈጽሞ አይቀበሉም፣ ሌሎቹ አስፈርመው ይቀበላሉ። ብልቃጥ ከመግዛትዎ በፊት የክሊኒክዎን ደንብ ይጠይቁ፤ ከገዙ በኋላ ጠይቀው ያዘኑ ሰዎች አይቻለሁ።

ሌሎቹን ተላላፊ በሽታዎች በተመለከተ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ከግንቦት እ.ኤ.አ. 2005 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው ደንብ መሠረት ተቀባይዋ በግል የማታውቀው ለጋሽ ዘር ቢያንስ ስድስት ወር በበረዶ ቆይቶ፣ ለጋሹ ለኤች.አይ.ቪ.፣ ለጉበት ቫይረሶች፣ ለቂጥኝና ለመሳሰሉት እንደገና ተመርምሮ ነው የሚለቀቀው። ስለዚህ ሦስቱንም በዚህ መለየት አይችሉም፤ እኩል ናቸው።

የሦስተኛው ለጋሽ የልብ ታሪክ ግን ሁለት ሰው በአንድ ወገን፣ ሁለቱም ከ55 ዓመት በታች ሆኖ መጻፉ በዋዛ የሚታለፍ አይመስለኝም። በዘር የሚወረስ ከፍተኛ የኮሌስትሮል ችግር ሊሆን ይችላል፤ ይህ ዓይነቱ ከአንድ ወላጅ ብቻ ቢመጣም ለልጁ የሚደርስበት ዕድል ከሁለት አንድ ነው። አያትየው ሲጋራ አጫሽ ብቻም ሊሆኑ ይችላሉ። የለጋሹ የራሱ የኮሌስትሮል ውጤት እንዳለ ባንኩን ይጠይቁ፤ ከሌለ እኔ በበኩሌ አልፈዋለሁ።

የቁጥሩን ነገር ላንሣና ላብቃ። በዚህ አገር አንድ ለጋሽ ስንት ልጅ እንደሚወለድለት የሚገድብ የፌዴራል ሕግ የለም። የአሜሪካ የሥነ ተዋልዶ ሕክምና ማኅበር የሚመክረው 800,000 ሕዝብ ባለበት አካባቢ ከ25 ልደት እንዳይበልጥ ነው፤ ምክር ነው እንጂ አያስገድድም። ስሌቱ ሰዎች ሳይመራረጡ ይጋባሉ ብሎ የሚነሣ ስለሆነ፣ ቨርጂኒያ ያሉት እኅት የገለጹት ዓይነት እርስ በርሱ የሚጋባ ትንሽ ማኅበረሰብ ሲገባበት ያ ቁጥር ትርጉሙን ያጣል። በአውሮፓ በ2025 የተሰማው ታሪክም ይህንኑ ያሳያል፤ ካንሰር የሚያስከትል የቲ.ፒ.53 ዘረመል ለውጥ በከፊል ዘሩ ውስጥ ያለበት፣ እሱ ራሱ ግን ጤነኛ የሆነ አንድ ለጋሽ በተለያዩ አገሮች ቢያንስ 197 ልጆች እንደተወለዱለት ታወቀ። የተለመደው ምርመራ ያን ሊያገኘው አይችልም ነበር። ምርመራ ያላየውን ነገር የሚገድበው የቤተሰቦች ቁጥር ማነስ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ባንኩ የቤተሰብ ጣሪያው ስንት እንደሆነና እስካሁን ስንት ልደት እንደተመዘገበ ይንገርዎት።

መልስ፦ ወለተ ማርያም

እኅቴ ሆይ፣ ልመርቅሽ እንጂ ልፈርድብሽ አልመጣሁም። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያናችን ይህን መንገድ በበጎ እንደማታየው ታውቂያለሽና፣ ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት ለአበ ነፍስሽ መንገር ያለብሽ ይመስለኛል። ልጁ ሲወለድ ክርስትና የሚያነሡትም እኮ እነሱ ናቸው፤ ያኔ ከምትከራከሪ ዛሬ ብትነግሪያቸው ይሻላል።

ጠያቂ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ስለ ቅንነትሽ አመሰግናለሁ። ነግሬያቸዋለሁ፤ የተባባልነውን ለራሴ ልያዘው። እዚህ የጠየቅሁት ስለ ምርጫው ስለሆነ በዚያ ላይ እንቆይ።

መልስ፦ ከናታንያ፣ እስራኤል

ሻሎም እኅቴ፣ የቨርጂኒያዋን እናት ጽሑፍ ሳነብ እየሳቅሁም እየተከዝኩም ነበር፤ ምክንያቱም እኛም ቤተ እስራኤል ሰባት ቤት እንቆጥራለን፣ ማኅበረሰባችንም ከእናንተ የባሰ ጠባብ ነው።

እዚህ መንግሥት በዚህ ጉዳይ ቸር ነው። ያላገባች ሴትም ብትሆን፣ በራሷ እንቁላል እስከ 45 ዓመቷ ድረስ፣ ሁለት ልጅ እስክታገኝ የአይ.ቪ.ኤፍ.፣ ማለትም እንቁላልንና ዘርን ከማኅፀን ውጭ የማዋሐድ ሕክምና ወጪዋ ይሸፈንላታል። ነገር ግን በአገር ውስጥ ባንክ ያለው ለጋሽ በጤና ሚኒስቴር ደንብ ማንነቱ የተሠወረ ነው፤ ፎቶ አታይም፣ ድምፅ አትሰሚም፤ የሚነግሩሽ ቁመቱን፣ መልኩን፣ ትምህርቱንና የወላጆቹን የመጡበትን አገር የመሰለ ጥቂት ነገር ነው። የእኛን ልጆች የሚመስል ለጋሽ ስጠይቅ ጸሐፊዋ ኮምፒውተሯን አይታ ትከሻዋን ነቀነቀች። ከውጭ አገር ባንክ ማስመጣት ነበረብኝ፤ ገንዘቡ ከኪሴ ወጣ።

አንቺ የጠየቅሽውን ጥያቄ እኔም ጠይቄዋለሁ፤ ሐበሻ መሆኑ ይህን ያህል ዋጋ አለው ወይ? እኔ ሐበሻ ያልሆነ፣ ማንነቱን የሚገልጥ ጥቁር ሰው መረጥኩ። ልጄ አራት ዓመቱ ነው፤ ጠጉሩ ከእኔ ይልቅ ይጠቀጠቃል፣ አፍንጫው የራሱ ነው። እናቴ በተወለደ በሦስተኛው ቀን አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ገልጣ አየችና «ጥፍሩ የአባቴ ነው» አለች። ከዚያ ወዲህ ስለ ዘሩ ጠይቃኝ አታውቅም። መልክን በተመለከተ የምትፈሪው ነገር ለዘመድ አዝማድ እስከ ክርስትናው ድግስ ድረስ ነው የሚቆየው፤ ለልጁ ግን ሌላ ጥያቄ አለው። የእኔው ባለፈው ወር «የእኔ ለጋሽ ኳስ መጫወት ይወዳል?» አለኝ። ወረቀቱ ላይ ነበርና «ይወዳል፣ በረኛ ነበር» አልኩት። ለሚቀጥሉት ጥያቄዎቹ ሁሉ መልስ እንደማይኖረኝ አውቃለሁ፤ 18 ሲሞላው ግን የሚጠይቀው ሰው አለው።

ከቨርጂኒያዋ እናት በአንድ ነገር እለያለሁ። እሷ መዝገቡ ይበቃል ትላለች፤ እኔ አይበቃም እላለሁ። መዝገብ ላይ የሚወጣው የፈለገ ብቻ ነው። ልጄ ከሐበሻ ወገን ካልሆነ ለጋሽ በመወለዱ፣ አድጎ ከማኅበረሰባችን ልጅ ጋር ቢዋደድ የአንድ አባት ልጆች የመሆናቸው ዕድል ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ሰባት ቤቱንም በእኔ በኩል ብቻ እቆጥርለታለሁ፤ በዚያኛው በኩል የሚያሰጋ ዘመድ እዚህ የለውም። እናትሽ ለጠየቁሽ ጥያቄ እኔ ያገኘሁት መልስ ይህ ነው፤ ደስ ላይላቸው ይችላል።

መልስ፦ የአንዲት ልጅ እናት፣ ቨርጂኒያ

የናታንያዋ እኅት፣ ስለ መዝገቡ ያልሽው እውነት ነው፤ አልከራከርሽም። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ኮሎራዶ ከጥር 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ ስም የማይገለጥ ልገሳን ከልክላለች፤ ብሪታንያም ከሚያዝያ እ.ኤ.አ. 2005 ወዲህ ለሚሰጡ ለጋሾች ይህንኑ አድርጋለች፣ የአንድ ለጋሽ ቤተሰቦችንም በአሥር ወስናለች። የዲ.ኤን.ኤ. መመርመሪያ በፖስታ በሚላክበት ዘመን ደግሞ «የተዘጋ» የሚባለው ለጋሽ በአጎቱ ልጅ ምራቅ ሊታወቅ ይችላል። ልዩነቱ አንደኛው ልጅሽ ሲመጣ እየጠበቀ መሆኑና ሌላኛው አለመጠበቁ ነው።

ጠያቂ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ በተለይ ሚኔሶታ ያሉትን ወንድሜን ጽሑፍ አትሜ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ሰነበትኩ። የደረስኩበትን ልንገራችሁ።

ባንኩ ጋ ደውዬ በመጀመሪያው ለጋሽ ጀመርኩ። የተመረመረው ለአምስት በሽታዎች ብቻ ነው፤ ከባንኩ ጋር ግንኙነቱ ስለተቋረጠ ከእንግዲህ ተጨማሪ ምርመራ ሊደረግለት አይችልም። ስንት ቤተሰብ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ እንዳለ ስጠይቅ ልጅቷ በግዛት ለይታ መናገር እንደማትችል፣ በጠቅላላው ግን ለአዲስ ቤተሰብ ሊዘጋ እንደተቃረበ ነገረችኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ፎቶውን አንድ ጊዜ ከፍቼ አየሁትና ከምርጫዎቼ አወጣሁት። ከባድ ነበር፤ ለምን እንደከበደኝ ለእኅቴ ማስረዳት አልቻልኩም። ሦስተኛው የኮሌስትሮል ውጤት በፋይሉ የለውም፤ ለጋሹን ጠይቀው እንደሚመልሱልኝ ቃል ቢገቡም ሁለት ሳምንት አልፎ ምንም አልሰማሁም፤ ተውኩት።

የሁለተኛው አይ.ጂ.ኤም. ኔጌቲቭ ነው፤ ፖዘቲቭ የሆነው የድሮው ነው። ክሊኒኬ አስፈርሞ እንደሚቀበል አረጋግጫለሁ። ምርመራው ከ400 በላይ በሽታዎችን ያየ ሲሆን ከሲክል ሴል በቀር አልተገኘበትም። እኅቴ ቅዳሜ መጥታ የ14 ደቂቃውን ቃለ መጠይቅ ቡና እያፈላን አብረን ሰማነው፤ ስለ አያቱ ከመናገሩ በፊት ሲስቅ «አባባ እንደዚህ ነበር የሚስቀው፣ መጀመሪያ ስቆ ነው የሚያወራው» አለች። አባታችን ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ይህን እንደ ምልክት አልወሰድኩትም፤ ብቻ ልብ ብዬው አልነበረም።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ ለሚኔሶታው ወንድሜ ነው። ሁለተኛው ለጋሽ ለአይ.ዩ.አይ. የታጠበና ያልታጠበ የሚሉ ሁለት ዓይነት ብልቃጦች አሉት፤ ያልታጠበው 200 ዶላር ይቀንሳል። ልዩነቱ ያዋጣል?

መልስ፦ በላቦራቶሪ ሙያ የምሠራ፣ ሚኔሶታ

የታጠበውን ይውሰዱ። ያልታጠበው በቀጥታ ወደ ማኅፀን አይገባም፤ ክሊኒኩ ራሱ ማጠብ ስላለበት ያስከፍልዎታል፣ በማጠብ ጊዜም የተወሰነው ዘር ይጠፋል። የለጋሹ ሲ.ኤም.ቪ. ፖዘቲቭ መሆን ሲታሰብበት ደግሞ የታጠበው ይመረጣል። በብልቃጡ ላይ ከቀለጠ በኋላ የሚንቀሳቀሰው ዘር ስንት ሚሊዮን እንደሆነ ይጻፋል፤ ብዙ ባንኮች ለአይ.ዩ.አይ. ከ10 ሚሊዮን በላይ ዋስትና ይሰጣሉ፣ ያንን በጽሑፍ ያግኙ። በረዶው ከቀለጠ በኋላ ዘሩ የሚቆየው ከትኩሱ ላነሰ ጊዜ ስለሆነ ቀኑን ክሊኒኩ በአልትራሳውንድ ተከታትሎ ይወስንልዎት። ስንት ሊገዙ አስበዋል?

ጠያቂ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ

አምስት። አራቱ ለሙከራ፣ አንዱ ለሁለተኛ ልጅ ሳይነካ እንዲቀመጥ ነው፤ ከአራተኛው በኋላ ካልያዘ ወደ አይ.ቪ.ኤፍ. እንደምንሄድ ከሐኪሜ ጋር ተስማምተናል። ትዕዛዙን ሞልቼ አስቀምጬዋለሁ፤ ክፍያውን ግን ገና አልላክሁም። ወረቀቴን ሳስመጣ ኤሌክትሮፎረሲሱ አልተደረገም ነበር፤ ነርሷ «ምንም የለብሽም» ያለችኝ ሌላውን ምርመራ አይታ ነው። ትናንት ጠዋት ደም ሰጥቻለሁ፤ ውጤቱ ማክሰኞ ይደርሳል ተብያለሁ።